ጎሽና ከብት በአንድ ወንዝ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከኮንታ የደወሉ አርቢ፦ ከብቶቼ የሚውሉት በጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ዳርቻ ነው። አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ እየተመላለሰ ያስቸግረኛል። ሰዉ ሁሉ «ጎሹ ነው ያመጣብህ» ይለኛል። እውነት ነው?

ጎሹን ከመወንጀልዎ በፊት የቫይረሱን ዓይነት ይወቁ። የአፍተግር ቫይረስ 7 ዓይነት ነው። ጎሽ የሚታወቀው «ሳት» በሚባሉት በ3ቱ ነው፤ አንድ ጎሽ ምንም ሳያመው ቫይረሱን እስከ 5 ዓመት በጉሮሮው ይዞ ሊቆይ ይችላል። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ግን «ኦ» ነው። እሱ የሚዛመተው ከከብት ወደ ከብት፣ በገበያና በጋራ ግጦሽ ነው። ለሃጩ የሚዝረበረብና የሚያነክስ ከብት ካዩ ወደ ገበያ አይንዱት፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገሩና ናሙና ይወሰድ። ለአንዱ ዓይነት የተሠራ ክትባት ሌላውን አይከላከልም፤ «ተከትቦም ታመመ» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላው ደግሞ የክትባቱ ጉልበት በ6 ወር ገደማ መድከሙ ነው።

አዲስ የገዙትን ከብት ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻው ያቆዩት። ጎሽ ያለ ውሃ መዋል ማደር አይሆንለትም፤ በበጋ ወንዙን የሙጥኝ ይላል፣ የሚወርደውም ብዙውን ጊዜ ሲመሽና ሲነጋጋ ነው። ስለዚህ ረፋድ ላይ ያጠጡ፤ ከተቻለም በሌላ መውረጃ።

በሽታ ከከብትም ወደ ጎሽ ይሄዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከከብት ጋር የገባው፣ «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ በምሥራቅ አፍሪካ ጎሹንም ፈጅቶታል። የመጨረሻው ደስታ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2001 ኬንያ ውስጥ፣ በሜሩ ፓርክ ጎሾች ላይ ነበር። ጎሹን ማንም አልከተበውም፤ ከብቱ ተከትቦ በሽታው ሲጠፋ ጎሹም ዳነ።

ከጅማ፦ ጎሽን ከላም ማዳቀል ይቻላል?

አይቻልም። የከብት ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ ያለው የዘር ተሸካሚ) 60፣ የአፍሪካ ጎሽ 52 ነው። በእስያ የሚታለበው የውሃ ጎሽም ሌላ ዝርያ ነው።

ከአርባ ምንጭ፦ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ዝሆን እንዴት ይቆጠራል?

ፋንድያው ይቆጠራል። ቀጥ ያለ መስመር ተከትሎ እየተሄደ የተገኘው ክምር ከመስመሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካና በካሬ ኪሎ ሜትር ስንት ክምር እንዳለ ይሰላል። ከዚያ ይህ ቁጥር ዝሆን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጥልና ፋንድያው ስንት ቀን እንደሚቆይ ሲባዙ ለሚገኘው ይካፈላል። ለምሳሌ 850 ክምር ተገኘ፣ በቀን 17 ጊዜ ይጥላል፣ 50 ቀን ይቆያል እንበል፦ 1 ዝሆን ይሆናል። ስህተቱ የሚገባው በሦስተኛው ቁጥር ነው። ዝናብና ጥንዚዛ ፋንድያውን በ25 ቀን አጥፍተውት በ50 ካሰሉ፣ ካሉት ዝሆኖች ግማሹን ብቻ ይቆጥራሉ። የሌላ አገር ቁጥር መዋስ አያዋጣም፤ እዚያው ጫካ፣ በዚያው ወቅት ትኩስ ክምር ምልክት አድርጎ እስኪጠፋ መከታተል ይሻላል።

ከዳውሮ፦ ማር ልቆርጥ ጫካ እገባለሁ። ጎሽ ቢያጋጥመኝስ?

ከመንጋው ይልቅ የሚያሰጋው ብቻውን የቀረው ሽማግሌ ኮርማ ነው። ቀን ቀን በወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ይተኛል፤ ድንገት ሲደርሱበት ከመሸሽ ይልቅ ይወጋል። እርጥብና የሚያብረቀርቅ እበት ካዩ ድምፅ እያሰሙ ዞር ብለው ይለፉ። ፊት ለፊት ከተገናኛችሁ አይሩጡ፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ አያመልጡትም። ትልቅ ዛፍ በመካከላችሁ እያደረጉ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ያፈግፍጉ፤ ከመጣብዎ ይውጡበት። እስኪሄድም አይውረዱ፤ ከሥር ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል።