«ላፕቶፔ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል» እና ሌሎች የቅዳሜ ጥያቄዎቻችሁ

ቅዳሜ ቤት ውስጥ በላፕቶፕ ድምፅ ስለመቅዳት ስትጠይቁኝ ስልኩ ተጨናንቆ ግማሻችሁን ሳልመልስ ሰዓቱ አለቀ፣ ስለዚህ የገባላችሁንም ያልገባላችሁንም እዚሁ ጽፌዋለሁ። አብዛኛው ደዋይ ከከተማው ዳር ነው፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ የሚቀዳ ሰው። እኔም እንደዛው ነው የጀመርኩት አትፈሩ።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ ኪውቤዝ (የቀረጻ ፕሮግራሙ) ላይ ድምፅ ስቀዳ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል፣ የፕሮሰሰሩን ጫና የሚያሳየው ሚተርም ቀይ ይላል። ላፕቶፔ ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ ልቀይረው?

አትቀይረው፣ ብርህን ያዝ። «ቡፈርህ ስንት ላይ ነው?» ስልህ «ምንድነው እሱ?» አልከኝ፣ ችግሩ እዛ ጋ ነው። ቡፈር ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅምበት ቦታ ነው፣ እንደ ጀሪካን አስበው። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ አይደል የሚመጣው፣ ጀሪካኑ ትልቅ ከሆነ ቧንቧው ትንሽ ቢቋረጥም ቤት ውስጥ ውሃ አይጠፋም ግን እስኪሞላ ቆመህ ትጠብቃለህ፣ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይሞላል ግን ቧንቧው አንዴ ሲያስነጥስ ደረቅክ ማለት ነው። ያቺ «ጣ!» የምትለው የደረቀ ጀሪካን ድምፅ ናት። በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ ሲቀዳ፣ 128 ሳምፕል (ልኬት) 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ 1024 ደግሞ 23 ገደማ። 128 ላይ ከሆንክ ፕሮሰሰሩ በየ3 ሚሊሰከንዱ ሁሉንም ትራክ ሁሉንም ሪቨርብ (የማስተጋባት ድምፅ) አስልቶ ማስረከብ አለበት፣ አንዴ ከዘገየ ፈንዲሻ። ስለዚህ ስትቀዳ ድምፅህ ዘግይቶ እንዳይመጣብህ 128 ወይ 256፣ ስትሚክስ (የተቀዱትን ስታዋህድ) 1024። ስትቀዳ ሌላ፣ ስትሚክስ ሌላ! ማስተሩ (የሁሉም ትራክ መውጫ) ላይ የደረደርካቸውን የማስተሪንግ ፕለጊኖችም (ድምፅ ማሳመሪያ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ስትቀዳ አጥፋቸው፣ ገና ያልተዘፈነ ዘፈን ማስተር አይደረግም።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ታስክ ማናጀር 30 ፐርሰንት ነው የሚለው፣ ፕሮግራሙ ግን ሞልቷል ይላል። ማን ነው የሚዋሸው?

ማንም አልዋሸም። ታስክ ማናጀር የሁሉንም ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉትን ሰራተኞች በለው) አማካይ ነው የሚያሳይህ፣ አንድ ትራክ ላይ የደረደርካቸው ፕለጊኖች ግን አንዱ የሌላውን ውጤት እየጠበቀ ስለሚሰራ ብዙ ጊዜ አንድ ኮር ላይ ነው የሚወድቁት። ስምንት ሰው ተቀጥሮ ሰባቱ አካፋ ተደግፈው አንዱ ሲቆፍር አይተህ አታውቅም? እሱ ነው። የከበደውን ትራክ ፍሪዝ አድርገው፣ አንዴ ተሰልቶ ይቀመጥልሃል። ደግሞ ለ12 ድምፅ 12 ሪቨርብ የከፈትከው ለምንድነው፣ አንድ ሪቨርብ ሴንድ (የጋራ መስመር) ላይ ክፈትና ሁሉንም ወደዛ ላክ።

ጥያቄ፦ በብሉቱዝ ኤርፎን ስቀዳ ድምፄ ዘግይቶ ይመጣል።

ሽቦ ያለው ግዛ።

ጥያቄ (ከሱሉልታ፣ የመዝሙር ክፍል አገልጋይ)፦ ከሌላ ቤት የመጣልን ቀረጻ እኛ ጋ ሲከፈት ቶሎ ቶሎ ይላል፣ ድምፁም ቀጥኖ ከክራሩ ጋር አልገጥም አለ።

እህቴ ክራሩን ተዪው፣ እሱ ጥፋት የለበትም። እነሱ በ44.1 ቀድተው እናንተ 48 ላይ ነው የከፈታችሁት፣ ቅኝቱ በአንድ ሴሚቶን (የሙዚቃ ግማሽ እርከን) ተኩል ገደማ ይወጣል። ፕሮግራሙ ፋይሉን ስታስገቡ «ልቀይረው?» ብሎ ይጠይቃል፣ አዎ በዪው። ከዚህ በኋላ ሁላችሁም 48 በ24 ቢት ተስማሙ፣ 96 ምናምን የሚላችሁን አትስሙ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ሸክሙን እጥፍ ከማድረግ ሌላ ለናንተ ስራ ብዙም አይጨምርም።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ ቻርጀር ስሰካ «እምምም» ይል ነበር፣ ጓደኛዬ የስፒናውን የኤርዝ (ወደ መሬት የሚያወርደውን) እግር ቁረጠው አለኝና በፒንሳ ቆረጥኩት፣ ጠፋ። አሁን ግን ስዘፍን ማይኩ ከንፈሬን ይነዝረኛል። ላፕቶፑን ይጎዳዋል?

ላፕቶፑን! ስለ ላፕቶፑ ነው የምትጠይቀኝ! አንተ ልጅ፣ ይሄን ስታነብ ላፕቶፑ ተሰክቶ ከሆነ መጀመሪያ ንቀለው፣ ከዛ ቀጥል።

ያ «እምምም» የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ነው፣ የመብራታችን። ላፕቶፕህና ስፒከርህ በተለያየ መንገድ ኤርዝ ሲያገኙ መሃላቸው ቀለበት ይሰራና ጉርምርምታው ድምፅህ ውስጥ ይገባል። ኤርዙን ስትቆርጥ ቀለበቱ ተበጠሰ፣ ጠፋ፣ ጓደኛህም ጀግና ሆነ። ግን ያ እግር ጌጥ አይደለም። ቻርጀሩ ውስጥ በተፈጥሮው ወደ ኤርዝ የሚያንጠባጥባት ትንሽ ኤሌክትሪክ አለች፣ መሄጃዋን ስለቆረጥክባት በላፕቶፑ፣ በሳውንድ ካርዱ፣ በማይኩ ብረት አድርጋ በከንፈርህ እየወጣች ነው፣ ንዝረቱ እሱ ነው። እሷ ብቻ ከሆነች ምናልባት አትገድልህም። ነገ ግን ቻርጀሩ ውስጥ አንድ ነገር ቢላላ 220ው እንዳለ ብረቱ ላይ ይመጣል፣ ኤርዝ ቢኖር ብሬከሩ ጠብ ይል ነበር፣ ኤርዝ ከሌለ ምንም አይወድቅም፣ አንተ እስክትነካው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ባዶ እግርህን የታጠበ ሴራሚክ ላይ ቆመህ፣ አንድ እጅህ ጊታር ላይ፣ ከንፈርህ ማይክ ላይ ሆኖ አስበው።

ማስፈራሪያ እንዳይመስልህ። በፈረንጆቹ 1972 ሌስ ሃርቪ የሚባል የስኮትላንድ ጊታሪስት ዌልስ ውስጥ መድረክ ላይ ማይክ ነክቶ ነው የሞተው። በ1976 ደግሞ ያርድበርድስ የሚባል ባንድ ዘፋኝ የነበረው ኪት ሬልፍ ኤርዙ ልክ ባልሆነ ጊታር ነው የሞተው፣ ያውም ቤቱ ሆኖ፣ ልክ እንዳንተ። እኔም ወጣት ሆኜ አንድ ማታ ጊታር ይዤ ማይክ ስጠጋ ጥርሴን መታኝ፣ አፌ ውስጥ ሳንቲም የላስኩ ያህል የብረት ጣዕም ሲሰማኝ አደረ፣ ሳቅንበት፣ ዛሬ አልስቅበትም።

እሺ ምን ታደርጋለህ። ያን ስፒና ጣለው፣ በቴፕ አትጠግነው፣ ኤርዝ የማያሳልፍ አዳፕተርም ላይ አትሰካው፣ ያው መቁረጥ ነው። ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ሶኬት በሚወጣ ኤርዝ ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ ሰብስብ፣ ብዙ ጊዜ ጉርምርምታው በዚህ ብቻ ይጠፋል። ወደ ስፒከር የሚሄደውን ገመድ ባላንስድ (ጉርምርምታ እንዳይገባበት የተሰራ) አድርገው። ካልጠፋ ዲአይ ቦክስ የሚባል በድምፅ ገመዱ መሃል የሚገባ ትንሽ ሳጥን አለ፣ እሱ ላይ ያለው ግራውንድ ሊፍት የድምፁን ገመድ ነው የሚለየው፣ መብራቱን አይነካም። ለጊዜው ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ቅዳ፣ ግን ዊንዶውስ በባትሪ ሲሆን ፕሮሰሰሩን ስለሚያሳርፈው ፓወር ሞዱን ወደ ከፍተኛው አድርገው፣ አለዚያ ጉርምርምታው ሄዶ ፈንዲሻው ይመጣል። ቡፈርህንም እይ፣ ስትቀዳ ሌላ ስትሚክስ ሌላ።

አንድ የቀረ ነገር። ሶኬቱ ላይ የኤርዝ ብረት ስላየህ ኤርዝ አለ ማለት አይደለም፣ ከጀርባው ሽቦ ላይኖር ይችላል። «ኒውትራሉን ከኤርዙ ጋር እሰረው» ወይ «ውሃ ቧንቧው ላይ ጠምጥመው» የሚልህ ሰው ከመጣ ቡና አጠጥተህ ሸኘው። ይሄ የኔም ያንተም ስራ አይደለም፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥቶ ይለካው፣ የሚከፈለው ይከፈል።

ጥያቄ (ከቡራዩ፣ ማሲንቆ የሚጫወቱ አባት)፦ ግማሽ ሰዓት ጥሩ ይቀዳል፣ ከዛ መንጣጣት ይጀምራል። ድምፅ እንዳያሰማ ትራስ ላይ ነው የማስቀምጠው።

አባቴ እጅዎ ይባረክ፣ ችግሩ ትራሱ ነው። ላፕቶፑ የሚተነፍሰው ከስር ነው፣ ሲታፈን ይሞቃል፣ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል፣ ያኔ ይንጣጣል። ጣውላ ላይ ያስቀምጡት፣ ከስሩ አየር እንዲገባው ከፍ ያድርጉት። የሰፈሩ መንገድ አቧራ ከሆነ ፋኑም ሞልቶ ይሆናል። ራስዎ አይፍቱት፣ ጠጋኝ ጋ ወስደው ያስጠርጉት፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳልፈውን ፔስትም ይቀይርልዎ።

ጥያቄ፦ አሲዮ ፎር ኦል (ለማንኛውም ካርድ የሚሆነው ድራይቨር) ይሻላል ወይስ የሳውንድ ካርዱ ድራይቨር?

የካርዱ። ሁሌም የካርዱ።

ጥያቄ (ከአያት)፦ ክራክ (ሳይከፈልበት ተሰብሮ የተለቀቀ) ፕለጊን ከጫንኩ በኋላ ምንም ሳልከፍት ፋኑ ይጮሃል፣ ፕሮሰሰሩ 80 ይላል።

ክራኩን የሰጠህ ሰው «ጸረ ቫይረሱን አጥፍተህ ጫነው» አለህ አይደል? አንተም አጠፋኸው። አሁን ላፕቶፕህ ለማታውቀው ሰው ክሪፕቶ እየቆፈረ ሊሆን ይችላል፣ መብራቱን የምትከፍለው አንተ። ቡፈር እዚህ አይሰራም። የይለፍ ቃሎችህን በስልክህ ቀይር፣ ዘፈኖችህን ብቻ አውጣና ዊንዶውሱን የሚያውቅ ሰው ከዜሮ ይጫንልህ። ሪፐር የሚባለውን የቀረጻ ፕሮግራም 60 ቀን በነፃ መሞከር ይቻላል፣ ክራክ ከምትለቅም።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ የቀዳሁት ጠፋ።

ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ «ኦዲዮ» የሚለውን ክፈት፣ ብዙ ጊዜ እዛ ተቀምጧል። አውቶሴቩንም በየ5 ደቂቃው አድርገው።

የኮዬ ፈጬው ልጅ፣ ቅዳሜ ስፒናውን ቀይረህ ደውልልኝ። ካልደወልክ እኔ እደውላለሁ፣ ቁጥርህ ስልኬ ላይ አለ።