የማወራው ሰው መች አጣሁ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ስለ ንግግር ሕክምና፣ ማለትም ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ ጭንቀትንና ድብርትን ስለ ማከም፣ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣ መልስ አለ፦ «የማወራው ሰው መች አጣሁ? ጎረቤት አለ፣ ቡና አለ፣ ወዳጃ (ተሰብስቦ ዱአ ማድረግ) አለ።» እውነት ነው፤ ወሎ ውስጥ «አብሽር» የሚል ሰው አይታጣም፤ ማንም ባለሙያም ይህን ተዉት አይላችሁም። ስህተቱ ሕክምናውን የዚያው ጨዋታ ቅጥያ፣ ያውም የሚከፈልበት፣ አድርጎ ማሰቡ ነው።

እንበልና አንድ የደሴ ሰው ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ መንገድ ላይ የመኪና አደጋ ደርሶበት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ መሳፈር አቃተው፤ ሥራው ደግሞ ኮምቦልቻ ነው። ጎረቤት «አይዞህ፣ ለጊዜው ቅር» ይለዋል። ደግነት ነው። ግን በቀረ ቁጥር ፍርሃቱ ይበረታል፤ ልቡ «ደህና የዋልኩት ስላልሄድኩ ነው» ብሎ ይማራልና።

ባለሙያው ጋ ሲሄድ ምክር አይደለም የሚጠብቀው። ሁለቱ ተቀምጠው የሚፈራቸውን ነገሮች ከ0 እስከ 100 ነጥብ እየሰጡ በቅደም ተከተል ይጽፏቸዋል። መናኸሪያ ቆሞ ሚኒባሶቹን ማየት 20፣ በቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ 35፣ እዚያው ደሴ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በሚኒባስ መሄድ 50፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ መግባት 95 ሊሆን ይችላል። ከዝቅተኛው ይጀመራል። የፈራው ነገር አለመድረሱን እስኪያይ እዚያው ይቆያል፤ በማግስቱም ይደግመዋል። ነገሩ የሚበላሸው ፍርሃቱ ጣሪያ ሲነካ «ወራጅ አለ!» ብሎ ሲወርድ ነው፤ እፎይታው ራሱ ፍርሃቱን ያጸናዋል። ሁልጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ወይም ወንድሙን አስከትሎ የሚሄድም ይደርሳል፣ ግን «የደረስኩት ወንድሜ ስለነበረ ነው» ይላል። ስለዚህ ወንድምየውም ቀስ በቀስ ይቀራል።

አያችሁ፣ ዋናው ሥራ ያለው ከቢሮው ውጭ ነው። አንድ ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ነው፣ በሳምንት አንዴ። ለጭንቀትና ለድብርት በብዛት የሚሰጠው፣ በሐሳብና በድርጊት ላይ የሚሠራው ሕክምና፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። የቤት ሥራውን ትቶ ለቀጠሮው ብቻ የሚመጣ ሰው ለውጥ ባያይ አይገርምም።

የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ያሳዝናል፤ አብዛኛው ጥያቄ ነው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሥራ፣ መቼ ጀመረ፣ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ፣ ሞትን ታስባለህ ወይ። «ጠየቀኝ እንጂ ምንም አልነገረኝም» ብለው የሚቀሩት ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ባለሙያዎችም ይህን አስቀድመው ስለማይናገሩ ጥፋቱ የጋራ ነው።

ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ደግሞ ሌላ ስጋት መጥቷል፦ «ባለሙያው ያየኸውን ሁሉ ካላወራህ ይለኛል።» አይልም። ክፉ ነገር ያየን ሰው በአንድ ቁጭታ ሁሉንም አስገድዶ ማናገር እንደማይረዳ የታወቀ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍና መረጋጋት ይቀድማል፤ ታሪኩ ከተነገረም በእናንተ ፍጥነት ነው።

ምስጢርስ? የከተማችን ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ ፒያሳ ላይ ሁሉም ይተዋወቃላ። ባለሙያ ሳያስፈቅዳችሁ ለቤተሰብም አይናገርም፤ ግን ራሳችሁን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዱ ስትሉ፣ ልጅ እየተጎዳ ሲሆን ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ዝም ማለት አይችልም። የመጀመሪያው ቀን «ካርዴን ማን ያነባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያ መድኃኒት አያዝም፤ የሚያዘው የአእምሮ ሐኪሙ ወይም ለዚህ የሠለጠነ ሌላ የጤና ባለሙያ ነው። ጸበልም ዱአም ከሕክምናው ጋር አይጣሉም። ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን በአንዴ የሚያቋርጥ ሰው ግን ሕመሙ ሊመለስበት ይችላል። ስለዚህ የት እንደምትሄዱ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ቢቆጣ እንኳ ንገሩት።

አራተኛው ወይም አምስተኛው ቀጠሮ ላይ ምንም ካልታያችሁ ባለሙያውን «ምን ላይ እየሠራን ነው? መሻሻሉን በምን እናየዋለን?» በሉት። መልስ ከሌለው፣ ወይም ካልተግባባችሁ፣ ወደ ሌላ ባለሙያ እንዲልካችሁ መጠየቅ ነውር የለበትም።

በሚቀጥለው ክፍል መድኃኒቶቹን ለብቻ እናነሳለን። ደህና ሁኑ።