ከፊቱ በፊት ፉጨቱ

እንደምን አመሻችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ።

ልጅ ሳለሁ ማታ ካፏጨሁ እናቴ ትቆጣኝ ነበር። «ሰይጣን ትጠራለህ!» ትለኛለች። ዛሬ የምናየው ሰውዬ የሚያፏጨው በጠራራ ፀሐይ ነው። እሷ ብታየው ምን ትል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ፊልሙ «ኤም» ይባላል። ዳይሬክተሩ ፍሪትስ ላንግ ነው። ጽሑፉን የሠራው ከባለቤቱ ከቴአ ፎን ሃርቡ ጋር ነው። መጀመሪያ የታየው በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1931 ነበር። ኤም ጀርመኖች ነፍሰ ገዳይን የሚጠሩበት ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው።

አሁን አንድ ነገር ላበላሽባችሁ ነው፤ ይቅርታ። ሕፃናትን እየገደለ ከተማዋን የሚያስጨንቀው ሰውዬ ሃንስ ቤከርት ይባላል። የሚጫወተው ፒተር ሎሬ ነው። አትቆጡኝ፣ ፊልሙ ራሱ ብዙ አይደብቀውም። እኛ ተመልካቾች እናውቀዋለን፤ የማታውቀው ከተማዋ ናት። ስለዚህ «ማነው?» እያላችሁ አትድከሙ። ይልቅ ጆሯችሁን አዘጋጁ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህንኑ ለማለት ነው፦ ይህ ፊልም ከሚታየው በላይ ይሰማል።

በዚያን ጊዜ ድምፅ ለሲኒማ አዲስ ነገር ነበር። ላንግ እስከዚያ ድረስ፣ «ሜትሮፖሊስ»ን ጨምሮ፣ የሠራው ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ብዙ ፊልም ሠሪዎች ማይክሮፎን እጃቸው ሲገባ አዲስ ሬዲዮ የገዛ ሰው ሆኑ። ቀኑን ሙሉ ማስጮህ ብቻ! ላንግ ግን ቆጠበ። ከጀርባ የሚያጅብ ሙዚቃ እንኳ አላስገባም። አንዳንዱ ቦታ ላይ መንገዱ ጭር ይላል፤ የጫማ ኮቴ እንኳ አይሰማም።

መጀመሪያውን ልብ በሉልኝ። ግቢ ውስጥ ሕፃናት ክብ ሠርተው ይጫወታሉ። የሚዘፍኑት ስለ ነፍሰ ገዳይ ነው። አንዷ ጎረቤት ይህን ክፉ ዘፈን ተዉ ብላ ትቆጣቸዋለች። ኤልሲ የምትባል ልጅ እናት ግን፣ ልብስ ከምታጥብበት ቀና ብላ፣ ድምፃቸው እስከተሰማ ድረስ ቢያንስ መኖራቸውን እናውቃለን ትላለች። ቀላል የጎረቤት ወሬ ይመስላል። አይደለም።

ከዚያ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይጮኻል። እናት ፈገግ ትላለች፤ ልጇ ከትምህርት ቤት ልትመጣ ነው። ሳህን ታቀርባለች። ኤልሲ በዚያ ሰዓት ኳሷን የማስታወቂያ ምሰሶ ላይ እያነጠረች ነው። ምሰሶው ላይ ገዳዩን ለሚጠቁም 10,000 ማርክ ሽልማት ይሰጣል የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እዚያው ወረቀት ላይ የሰው ጥላ ያርፋል። ጥላው ኳሷን ያደንቅላትና ስሟን ይጠይቃታል። ፊቱን አናይም።

እናት ትጠብቃለች። ደረጃው ላይ ወጥታ ቁልቁል ታያለች። «ኤልሲ!» ትላለች። ካሜራው ባዶውን ደረጃ ያሳየናል። «ኤልሲ!» ልብስ የተሰጣበት ጣሪያ ስር ማንም የለም። «ኤልሲ!» ሳህኑ ባዶ ነው። ኳሷ ከቁጥቋጦ ሥር ተንከባላ ትወጣና ትቆማለች። ፊኛዋ ስልክ እንጨት ሽቦ ላይ ተሰቅላ ትወዛወዛለች። በቃ። ደም የለ፣ ጩኸት የለ። እኔ ስንቴ አይቼው አሁንም እዚያ ጋ ሆዴ ይላወሳል።

ያቺን ፊኛ የገዛላት ቤከርት ነው፤ እያፏጨ። ዜማው የኖርዌዩ የኤድቫርድ ግሪግ ነው። ሎሬ ማፏጨት አይችልም ነበርና ላንግ እኔው አፏጨሁለት ይል ነበር። ሻጩ ዓይነ ስውር ነው። ሌላ ቀን እዚያው ቆሞ ያንኑ ፉጨት ሲሰማ ክው ይላል። ስንት ሺህ ዓይን ያለው ከተማ ያጣውን ሰው አንድ ዓይነ ስውር አገኘው! «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባል የለ? ገዳዩ ክፉው መንፈሱ ሲነሳበት እያፏጨ መሆኑን ራሱ ልብ የሚለው አይመስልም።

ሻጩ አንድ ወጣት ያስከትልበታል። ወጣቱ መዳፉ ላይ በጠመኔ ኤም ብሎ ይጽፍና፣ የብርቱካን ልጣጭ ያዳለጠው መስሎ ትከሻውን ጠፍ ያደርገዋል። ይቅርታ የለ ምን የለ፣ ጭራሽ ልጣጭ ትጥላለህ ብሎ ይቆጣዋል። ፊደሉ ኮቱ ላይ ቀረ።

የፖሊሱን ነገር ቶሎ ልለፈው። ካርታ ላይ ክብ ይሥላሉ፣ አሻራ ያነሳሉ፣ መሸታ ቤት ይፈትሻሉ። ሌቦቹም ፍተሻው ሥራ ስላስፈታቸው ለማኞችን አሰማርተው ሰውየውን ማደን ይጀምራሉ። ሁለቱም ወገን በጭስ በታፈነ ክፍል ሲሰበሰብ ታያላችሁ። ማን ፖሊስ ማን ሌባ እንደሆነ ቢምታታባችሁ አትፈሩ፤ ላንግ ሆን ብሎ ነው። ቤከርት በመጨረሻ አንድ ሕንፃ ውስጥ ይቆለፍበታል። እዚያም የሚያስይዘው ድምፅ ነው፤ ለመውጣት ሚስማር ሲቀጠቅጥ ይሰሙታል።

ቀጥሎ ሌቦቹ ፈራጅ ሆነው የሚቀመጡበት ችሎት አለ። ሎሬ እዚያ የሚሠራውን በቃል መግለጽ አልችልም። ዓይኑ ይፈጣል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። መንገድ ላይ ስሄድ አንድ ሰው ይከተለኛል፣ ኮቴ የለውም፣ እኔ ግን እሰማዋለሁ፣ ያም እኔው ራሴ ነኝ ይላል። ልታዝኑለት ትጀምሩና በራሳችሁ ትናደዳላችሁ። ፍርዱን አልነግራችሁም።

የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ይህን ሲያዩ ነገሩ ተረት አልነበረም። ዘጠኝ ሰው በመግደል የተከሰሰው የዱሰልዶርፉ ፔተር ኩርተን ገና በዚያው ኤፕሪል ሞት ተፈርዶበት ነበር። አንገቱ የተቀላው ጁላይ 2 ነው። ፊልሙ በሁለቱ መካከል ነው ሲኒማ ቤት የገባው።

ከዚያ ናዚዎች መጡ። ሎሬ አይሁዳዊ ነበርና በ1933 ጀርመንን ለቀቀ። ላንግም ሄደ። ፎን ሃርቡ ቀረች፤ የናዚ ፓርቲ አባልም ሆነች። ፊልሙ በ1934 ታገደ። ይባስ ብለው በ1940 ያንን የሎሬን የችሎት ንግግር ቆርጠው አይሁዶችን በሚያጥላላ የፕሮፓጋንዳ ፊልም ውስጥ ሰነቀሩት። ተዋናዩ የሚጫወተውን ሰው፣ ተዋናዩ ራሱ ነው ብለው ለሕዝብ አሳዩት። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያንን ትዕይንት እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

በሉ፣ አላስጠብቃችሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። እኛ ሲኒማ ቤት ድምፅ ሲጠፋ የምናደርገውን ታውቃላችሁ። ዛሬ ድምፁ ደጋግሞ ይጠፋል፤ ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። አደራ፣ እንዳታፏጩ።

መብራቱን አጥፉልን።