በ38 ዓመት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ አንድ ሰው ድምፅ ብቻዬን ላወጋችሁ ነው።

ባለፈው ወር 38 ዓመት ሞላኝ። በዚያው ሰሞን ኦርጋን መማር ልጀምር ነው ብዬ ለታላቅ እህቴ ብነግራት፣ «አሁን? በዚህ ዕድሜህ?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ቃሏ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጠኝ አደረ። ተነሣሁና ፌይዝለስ የተባለውን የእንግሊዞች የዳንስ ሙዚቃ ቡድን «ኢንሶምኒያ» የተሰኘ ዘፈን ከፈትኩ። እንቅልፍ ማጣት ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ሌሊት ግን ጣቴን አጥፌ ዓመት ቆጠርኩ። በዘፈኑ ላይ ድምፁ የሚሰማው ማክሲ ጃዝ ለንደን ውስጥ፣ ብሪክስተን፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ተወለደ። ዘፈኑ የወጣው በ1995 መጨረሻ ነው። 38 ዓመቱ ነበር!

ከዚያ በፊት ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ በ1980ዎቹ ያለ ፈቃድ በሚሠራ የሬዲዮ ጣቢያ ሂፕ ሆፕ ያሰማ ነበር። ዓለም ያወቀው ግን ከሙዚቃ አቀናባሪው ከሮሎና ከኪቦርድ ተጫዋቿ ከሲስተር ብሊስ ጋር ሆኖ ፌይዝለስን ሲመሠርቱ ነው። ዘፈኑ ራሱም ዘግይቷል። መጀመሪያ ሲወጣ በብሪታንያ ሰንጠረዥ ከ27ኛ ደረጃ አላለፈም። በ1996 እንደገና ሲወጣ 3ኛ ሆነ።

ማክሲ አይዘፍንም፤ ይናገራል። ጨለማ ክፍል ውስጥ እንደሚገላበጥ ሰው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳይቸኩል። ከዚያ ንግግሩ ያበቃና ያ ዜማ ይመጣል፤ ክር በጣት ጫፍ ሲነካ የሚሰጠው ዓይነት አጭር፣ ጥርት ያለ ድምፅ። ከሲንተሳይዘር፣ ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ ከሚፈጥር መሣሪያ፣ የወጣ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ክራር ይመስለኛል። የሚጨፍር ሰው ይህን ያህል እንዲጠብቅ ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል።

በ2001 ሌላ ሥራቸው 3ኛ ደረጃ ደረሰ፤ በ2011 ቡድኑ ተበተነ። ማክሲ በታኅሣሥ 2022 በ65 ዓመቱ ተኝቶ ሳለ አረፈ። እንቅልፍ ያጣውን ሰው ድምፅ ለሰጠን ሰው እንዲህ ያለ ዕረፍት መሆኑን ሳነብ አለቀስኩ። ሲስተር ብሊስ በ2024 ፌይዝለስን ይዛ ወደ መድረክ ተመልሳለች።

እርሷ ፒያኖ የተማረችው በልጅነቷ ነው፤ እኔ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ትናንት መምህሬ ግራ እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጠውና «እርሱ ይጠብቅ፤ መጀመሪያ ቀኙ ይልመድ» አለኝ። ነገ ከሥራ መልስ እንደገና እሄዳለሁ።