የሚከለክለን ግድግዳ

(ምስል፦ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ።)

በክብ ቤተ ክርስቲያን ስታስቀድሱ ካህናቱን በዓይናችሁ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ዜማው ይሰማል፣ ዕጣኑ ይሸታል፤ እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳ ጀርባ ናቸው።

ቤቱ ሦስት ክፍል ነው። ውጪኛው ቅኔ ማኅሌት፣ መሪጌታዎችና ደብተራዎች በመቋሚያና በጸናጽል የሚያሸበሽቡበት። ቀጥሎ ቅድስት፣ የምንቆርብበት። መካከል ላይ ታቦቱ ያለበት መቅደስ፤ ወደዚያ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው።

(ምስል፦ ካሜራው የመቅደሱን ግድግዳ ቀስ ብሎ ይዞራል።)

እኔ ሁሌም የምደነቅበት ነገር፣ ሥዕሎቹ የተደረደሩት በዚሁ በሚከለክለን ግድግዳ ላይ መሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተስለው ይለጠፉበታል። ታቦቱን ማየት ያልተፈቀደለት ምእመን ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ባዶ ጭቃ አይደለም፤ ስቅለቱን፣ ትንሣኤውን፣ የሰማዕታቱን ገድል ነው። ግድግዳው ክብ ስለሆነም ታሪኩን ቆሞ አይጨርሰውም፤ መዞር አለበት። ፊደል ያልቆጠሩ አያቶቻችን መጽሐፍ ቅዱስን ያነበቡት በእግራቸው ነው ማለት ይቻላል። ጻድቃኑ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ ክፉዎቹ በጎን ስለሚሳሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን የሚያውቅ ሕፃን ማን ማን እንደሆነ ማንንም አይጠይቅም።

ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ብዙ ጊዜ መጋረጃ አላት። በ15ኛው መቶ ዘመን የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዙ፤ በሥዕሏ ፊት መስገድም በዘመናቸው ተጠናከረ። እጆቿን አነባብራ የምናያት መልክ ግን ኋላ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ካመጡት የሮም ሥዕል የተቀዳ ነው። የእኛ ሠዓሊዎች የእኛው አደረጓት።

(ምስል፦ ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፤ ጣሪያው።)

ይህ ቤት አራት ማዕዘን ነው፤ እንደ ክቡ አያዞርም። ቀና ስትሉ ጣሪያው በሙሉ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ናቸው፤ ትልልቅ ዓይኖቻቸው ቁልቁል ያዩናል።

ዛሬ በአንዳንድ አዳዲስ ሕንፃዎች የታተመ ሥዕል ክፍት በተገኘበት ሁሉ ሲሰቀል አዝናለሁ። ሥዕል ቦታ አለው።

(ምስል፦ እንደገና ዑራ፤ የመቅደሱ በር።)

በሳንቃው ላይ ሰይፍ የያዙ ሊቃነ መላእክት ቆመዋል። በሩ ሲዘጋ ይጠብቁታል። ለቁርባን ሲከፈት ግን ከሳንቃው ጋር ገለል ይሉና ሥጋ ወደሙ ወደ እኛ ይወጣል።