ሳጥኑን ክፈቱት፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ በኮሪያ ጦርነት የዘመታችሁ የቃኘው ሻለቃ አባቶቻችን፣ የተከበራችሁ እናቶቻችን፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ከማለዳ ጀምሮ ወንበር ሲደረድሩ ለነበሩ ልጆቻችን፣ ቡናውን ለሚያፈሉልን እህቶች እግዚአብሔር ይስጥልን። በዚህ ዓመት ለተለዩን አባቶች የኅሊና ጸሎት አድርገናልና ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን ብዬ ልለፍ።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። ከእኔ የሚጠበቀው ዋና ዋናውን መጥቀስ ነው። የታመሙ አባቶችን ጠይቀናል፤ አፍንጮ በር በሚገኘው መታሰቢያ የአበባ ጉንጉን አኑረናል፤ የአባላት መዝገብ ታድሷል፤ ማኅተማችንም ተቀይሯል። ማኅተም መቀየር እንደ ሥራ ይቆጠራል ወይ የምትሉ ካላችሁ፣ ስንት ስብሰባ እንደፈጀ የሥራ አስፈጻሚውን ጠይቁ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ወደከረመው ጉዳይ ልግባ። ደብዳቤዎቹ።

በዚሁ ጉባኤ ላይ፣ በዚሁ አዳራሽ፣ ሁላችንም እጃችንን አውጥተን ወስነን ነበር። አባቶቻችን ከኮሪያ ምሽግ ለቤተሰባቸው የላኳቸው ደብዳቤዎች ከያሉበት ይሰብሰቡ፣ ቅጂያቸው በማኅበሩ ይቀመጥ፣ ዋናው ግን ከቤተሰቡ እጅ አይውጣ ብለን። የተቃወመ አልነበረም፤ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገም አልነበረም። ጭብጨባ ግን ነበር። ከጨበጨቡት መካከል ሳጥናቸውን የከፈቱት ከግማሽ በታች ናቸው።

ወጣቶች ስለምን እንደምናወራ እንድትረዱ ጥቂት ልበል። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ በመርከብ የተሳፈረው በሚያዝያ 1943 ነው። ከዚያ በኋላ በየተራ የተተካኩት ሻለቆች ሲደመሩ የሄደው ሰው ከ6,000 ይበልጣል። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጡ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ አንድም የለም። ይህን በየበዓሉ ስለምንሰማው በቃላችን እንወጣዋለን። የማይነገረው መሃሉ ነው። ከ1944 ኅዳር ገደማ ጀምሮ ጦርነቱ ወደፊትም ወደኋላም የማይል የምሽግ ጦርነት ሆነ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ተኩስ እስኪቆም ድረስ ሰው ኮረብታ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በግንድና በአሸዋ ከረጢት ከልሎ፣ ከሽቦ አጥር ጀርባ ኖረ። ቀን አድፍጦ ይውላል፣ ማታ ለቅኝት ይወጣል። ክረምቱ ደግሞ በእኛ ደጋ ያደገ ሰው እንኳ የማያውቀው ዓይነት ነው፤ ኮዳ ውስጥ ያለ ውሃ ይረጋል። ደብዳቤዎቹ የተጻፉት እዚያ፣ ጉልበት ላይ ወረቀት ተዘርግቶ ነው። በርካቶቹ በእርሳስ የተጻፉት ቀለሙ ስለሚረጋ ይሁን ወይም ብዕር ስላልነበረ፣ እዚህ ያላችሁ አባቶች ብትነግሩን ደስ ይለናል።

የእኛ ሰዎች ደብዳቤ የራሱ ጠባይ አለው። የላኪው እናት አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ አይችሉም። ደብዳቤው ሲደርስ የሰፈር ተማሪ ወይም ደብተራ ይጠራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ልጁ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ለእናቱ ሲጽፍ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሚጽፈው። «ይድረስ» ብሎ ይጀምርና ዘመድ አዝማዱን በየስሙ እየጠራ ጤና ይጠይቃል፤ እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቡ ይላል፤ ላሟ ወለደች ወይ፣ የመሬቱ ክርክር የት ደረሰ ይላል። ስለ ጦርነቱ ቢበዛ አንድ መስመር ነው። ብዙ አባላት ይህን ያነቡና «ሰላምታ ብቻ ነው፣ ምንም የለበትም» ብለው አጥፈው ይመልሱታል።

የለበትም አትበሉ! ያው ሰው በዚያው ሰሞን ለወንድሙ ወይም ለባልንጀራው የጻፈው ሌላ ደብዳቤ አለ። ፍርሃቱ፣ አጠገቡ ቆሞ የነበረው ሰው መውደቁ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ያለው እዚያኛው ውስጥ ነው። ዘንድሮ የአንድ ዘማች ሁለት ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ለማንበብ ዕድል አግኝተናል። ለእናቱ ብርዱ ቀለል ብሎልናል ይላል። ለወንድሙ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ቁልፉን የሚቆልፍለት ጓደኛው መሆኑን ይጽፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ቀን ነው። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ዘማች አያውቀውም።

ችግራችንም እዚሁ ላይ ነው። የእናትየው ደብዳቤ የሚገኘው አንድ ቤት፣ የወንድምየው ሌላ ቤት ነው። ሁለቱ ቤቶች ደግሞ፣ ስም አልጠራም፣ በአንዳንዱ ዘንድ ከተኮራረፉ ዘመን ሆኗቸዋል። ምክንያቱን ብትጠይቁ ዘማቹ ከምሽግ ሆኖ «የት ደረሰ» እያለ የሚጠይቅበት ያ የመሬት ክርክር ነው። መሬቱማ በ1967ቱ አዋጅ ተወርሷል። ቂሙን ግን የወረሰው የለም፣ ወይም ሁላችሁም ወርሳችሁታል። የሥራ አስፈጻሚ አባላት ለሽምግልና ተልከው ሻይ ጠጥተው ተመልሰዋል። ሻዩን እናመሰግናለን፤ ደብዳቤውን ግን እየጠበቅን ነው።

ከዚህ ቀደም ደብዳቤ ያጠፋን ሰው አልወቅስም። ዘማቾቹ የክብር ዘበኛ፣ የንጉሡ ጠባቂ ጦር ሰዎች ነበሩ፤ ያው ክብር ዘበኛ የመራው የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ማዕረግና ፎቶ ያለበት ወረቀት ቤት ማስቀመጥ የሚያስፈራቸው ቤተሰቦች ነበሩ። ደርግ መጣና ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ሲመሠረት፣ ደቡብን ለማገዝ መዝመት ራሱ የማይወራ ነገር ሆነ። ሜዳይ የቀበረ አለ፣ ፎቶ ያቃጠለ አለ። ያን ሁሉ አልፎ እስከ ዛሬ የቆየ ደብዳቤ ያስቀመጠችው ብዙውን ጊዜ ማንበብ የማትችል እናት ወይም ሚስት ናት።

ዛሬስ ማን ነው የሚያጠፋው? እኛ ነን። ዘማቹ ያርፋል፣ ቀብሩ ላይ ሁላችንም አለን፤ በቀብር የምንታማ አይደለንም። ዐርባው ይወጣል። ከዐርባው በኋላ ቤቱ ይጸዳል፣ ዕቃው ይከፋፈላል፣ ሳጥኑን አንዱ ይወስዳል፣ ውስጡ የነበረው ወረቀት በፌስታል ተደርጎ ይወጣል። ዘንድሮ ይህ የደረሰበትን ቤት አውቃለሁ። ልጆቹ ክፋት የላቸውም፤ የኤሌክትሪክ ደረሰኝ መስሏቸው ነው። የእኛ ሰው ግን ከቀብር ተመልሶ ድንኳኑ ውስጥ እያለ ስለ ደብዳቤው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም ተባለ። እንግዲያው በሕይወት እያሉ ይነሳ።

ደስ የሚያሰኘውንም ልናገር። ሦስት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ባመጡት ደብዳቤ ላይ አንድ እጅ ጽሑፍ አገኘን። ያው ድፍን ያለ ፊደል፣ ያው ሰላምታ፣ ያው በየአንቀጹ መጨረሻ ላይ የሚደረግ ሰረዝ። መጻፍ ለማይችሉ ጓዶቹ የሚጽፍላቸው አንድ ሰው ምሽጉ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። በመጀመሪያ ያስተዋለችው ከወጣቶቻችን አንዷ ናት፤ ቁሚና እንይሽ። ከጥቅምት 1945 በኋላ ከነዚያው ሰዎች የመጡት ደብዳቤዎች በሌላ እጅ የተጻፉ ናቸው። ጥቅምት 1945 ሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ያለበት 7ኛው የአሜሪካ እግረኛ ክፍለ ጦር ትሪያንግል ኮረብታ ላይ የተዋጋበት ወር ነው። ጸሐፊው ይቁሰል፣ ይዛወር፣ ይሙት አናውቅም። የራሱን ቤተሰብ ደብዳቤ ብናገኝ ግን ማን እንደሆነ እናውቅ ነበር። ምናልባት አሁን ከዚህ አዳራሽ በቀረ ሰው ቤት ይገኛል።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ። ከውጭ የመጡ አጥኚዎች ደብዳቤ ላይ 1945 የሚል ሲያዩ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይመስላቸዋል። በእነርሱ አቆጣጠር 1952 ወይም 1953 መሆኑን የምንነግራቸው እኛ ነን። ልጆች ደግሞ ለእንግዳ እንዲመች ብላችሁ በእስክሪብቶ የፈረንጁን ዓመት ደብዳቤው ላይ አትጻፉበት። ተጽፎ ያየሁት ስላለ ነው።

ወደ ክርክሩ ልምጣ፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ የሚሰጥበት እሱ ነውና። አንዳንድ አባላት ደብዳቤዎቹ ለኅትመት ሲዘጋጁ ጀግንነቱ ብቻ ይውጣ ይላሉ። ፈራሁ የሚለው፣ በአለቃው የተማረረው፣ ለዕረፍት ጃፓን ሄዶ ስላገኛት ሴት የጻፈው ይቅር፤ ለአባቶቻችን ክብር አይመጥንም ይላሉ። ይህን የሚሉት ሰዎች ቤተሰባቸውን የሚወዱ ናቸው፣ ይገባኛል። አንድ ቤተሰብ ግን ከዚህም አልፎ የማይፈልገውን መስመር በምላጭ ቆርጦ አውጥቶ ነው ያመጣልን። ወረቀቱ መሃሉ ቀዳዳ ነው። ከጀርባው የነበረው ጽሑፍም አብሮ ሄዷል፤ የጀርባው ገጽ ስለ ሞተ ጓደኛው የሚናገር መሆኑን ከቀረው መስመር እናያለን።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፣ በየስብሰባውም አልደበቅሁትም። ደብዳቤው ሙሉውን ይገልበጥ። ቤተሰቡ እንዳይነበብ የሚፈልገው ክፍል ካለ፣ ቅጂው በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ፣ ቤተሰቡ እስኪፈቅድ ማንም አይክፈተው። ማንም ምላጭ አያንሣ። መስከረም 1944 ላይ ኮረብታ 602 ላይ የወጣ ወይም ግንቦት 1945 ላይ በዮክና አንክል ምሽጎች ያደረ ሰው ፈራሁ ብሎ ለወንድሙ ቢጽፍ ክብሩን እኛ አንሰጠውም፣ እኛ አንነሳውም። ሲፈራ ሳለ ነው እዚያ ያደረው።

ገንዘብ የለም ይባላል። የለም፣ እውነት ነው። ለስካነር የተያዘው በጀት ለበዓሉ ባነርና ቲሸርት ዋለ፤ ቲሸርቱ ያምራል፣ ዛሬም ለብሳችሁት መጥታችኋል። አሁን የምንሠራው አንድ አባል ከቤቱ በሚያውሰን ማሽን ነው። ወርኃዊ መዋጮ የከፈለውንና ያልከፈለውን ገንዘብ ያዣችን ይነግራችኋል። እኔ የምለው፣ ሳጥን ለመክፈት ግን መዋጮ አያስፈልግም።

ያልመጡትንም ላንሳ። በስልክ «እሑድ አመጣዋለሁ» ያሉኝ ወንድሜ፣ የትኛው እሑድ እንደሆነ አልነገሩኝም። ውጭ አገር ያላችሁ እህትና ወንድሞች፣ በቴሌግራም የምትልኩትን አውራ ጣት ሁሉ ቆጥረን ብናትም ኖሮ ወፍራም መጽሐፍ ይወጣው ነበር። ደብዳቤው ያለው አዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር፣ እናታችሁ አልጋ ሥር ነው፤ አንድ ስልክ ደውላችሁ «ማኅበሩ መጥቶ ፎቶ ያንሳው» በሉ። እኛ እንሄዳለን። የሥራ አስፈጻሚ አባል ሆናችሁ ከተመረጣችሁ ወዲህ ያላየናችሁ ሁለት ሰዎች፣ ይህ ሲነበብላችሁ እናንተን መሆኑን ታውቁታላችሁ።

ሳጥን ስትከፍቱ ጥቂት ነገር ጠብቁልን። ወረቀቱን በፕላስተር አታጣብቁት፣ ላሚኔት አታስደርጉት፣ የዛገ ስፒል ካለ ቀስ ብላችሁ አውጡት፣ ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡት፣ ያልባል። ፖስታውን አትጣሉት፤ ቴምብሩና ማኅተሙ ቀን ይነግረናል። ቴምብሩን ቆርጣችሁ ለሰብሳቢ የሸጣችሁ፣ ሌላ አትሽጡ።

በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ የዚያ ያልታወቀ ጸሐፊ ደብዳቤዎች ቅጂ ተደርድሯል። በሻይ ሰዓት አባቶቻችን ቀርባችሁ እዩልን፤ እጁን የሚያውቅ ካለ ለጸሐፊያችን ይንገር። የውሳኔ ሐሳቡ በፎልደራችሁ ውስጥ አለ፣ ከምሳ በፊት አንብቡት፤ ሳያነቡ እጅ ማውጣት ዘንድሮ አይፈቀድም።

ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ። ገንዘብ ያዣችን ይቅረቡ፤ ያልከፈሉትን ዝርዝር ሲያነቡ የእኔንም ስም ካገኙት አይዝለሉት።