የትም የማያደርስ መንገድ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ እናቴና ስለ አንድ መንገድ ብቻዬን ላውራ።

መንገዱ ስካይላይን ድራይቭ ይባላል። ከዋሽንግተን በስተምዕራብ፣ በቨርጂኒያ ብሉ ሪጅ ተራሮች አናት አናቱን 105 ማይል ይጓዛል። ግንባታው በፈረንጆቹ 1931 ተጀመረ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝና መንገድ ማለት ለእኔ ቶሎ ማለቅ ያለበት ነገር ነው። እዚያ ግን ከ35 ማይል በላይ መፍጠን ክልክል ነው። እግሬ መጀመሪያ ላይ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

ጥቅምት ነው፤ ቅጠሉ ቀልቷል። እማዬ ከደብረ ሲና ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነበር። ጥቂት እንደሄድን፣

«ይህ መንገድ የት ያደርሳል?» አለችኝ።

«የትም። ለማየት ብቻ የተሠራ ነው።»

ዝም አለች። ጣርማ በርን በጭጋግ እያማተበ ለሚያልፍ ሰው ይህ በቀላሉ የሚዋጥ መልስ አይደለም።

ተራሮቹም አላስደነቋት። የፓርኩ ትልቁ ተራራ ሀውክስቢል 1,235 ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን ግማሽ ያህል መሆኑን ስነግራት «ይህማ ቆላ ነው!» ብላ ሳቀች። ልክ ናት።

የወደደችው ካቡን ነው። በየመቆሚያው ዳር ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ አለ፤ ብዙውን የሠሩት በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ያጡ ወጣቶች ናቸው። በእጇ ዳሰሰችውና «ሙያ ያለው ሰው የካበው ነው» አለች።

ቢግ ሜዶውስ ካለው የጎብኚዎች ማዕከል ገባን። ግድግዳው ላይ የቀድሞ ነዋሪዎች ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። ፓርኩ በ1935 ሲመሠረት የቨርጂኒያ መንግሥት መሬቱን በሕግ ወስዶ ለፌዴራሉ አስረከበ፤ ከ500 በላይ ቤተሰቦች ተነሡ። እኛ አገር «የልማት ተነሺ» የምንላቸው ዓይነት መሆናቸው ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዲኖሩ የተፈቀደላቸው ጥቂት አዛውንቶች ብቻ ነበሩ። ይህን ስተረጉምላት አንዲት ባልቴት ፎቶ ፊት ቆማ «ነፍስ ይማር» አለች። ከዚያ ዞር ብላ፣

«እርሻቸውስ የታለ?»

ወደ ጫካው ጠቆምኳት።

«እንግዲያ ከጠዋት ጀምሮ ጫካ ጫካ የምትለኝ የሰው ማሳ ነዋ!»

ያንን መንገድ ስድስት ጊዜ ነድቼዋለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እወስዳለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ እመለሳለሁ። ማሳ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ እሷ መልክዓ ምድሩን ትታ መሬቱን ማየት ጀመረች፤ ይህ ዳገት ምን ያበቅል ነበር? ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር? በቆሎና ፖም እንደነበር አውቃለሁ። ለውሃው መልስ አልነበረኝም።

ምሳችንን የበላነው ሌዊስ ማውንቴን ነው። ቦታው በ1939 ሲከፈት «ለጥቁሮች ብቻ» ተብሎ ነበር። ይህን አልተረጎምኩላትም፤ ፍርፍሩ እየቀዘቀዘ ነበር።

ማታ ለጎረቤቷ ስትደውል ከሌላው ክፍል ሆኜ እሰማታለሁ። «አገሩ ቆላ ነው» ትላለች፤ «ካባቸው ግን ጥሩ ነው። ሰዎቹን አስነሥተዋቸዋል።»